ሪቨርብና ዲሌይ በዲጂታል ኢፌክት ፕሮሰሰር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኢፌክት ፕሮሰሰር፣ ማለትም ለድምፅ ሪቨርብና ዲሌይ የሚጨምር መሣሪያ፣ ከሚክሰሩ (ከድምፅ ማቀላቀያው) ጋር ያገናኘ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ መጠን ነው፤ «ሪቨርቡን ስንት ላይ ላድርገው?» ይላል። እኔ ግን ከመጠኑ በፊት ጊዜው ይስተካከል ባይ ነኝ። ተመላሹ ድምፅ መቼ እንደሚጀምር፣ ምን ያህል እንደሚቆይና ከዘፈኑ ምት ጋር እንዴት እንደሚሄድ ከተወሰነ መጠኑ ብዙም አያስቸግርም። ከታች ያሉት መልሶች አብዛኞቹ ከዚሁ ሐሳብ የሚነሱ ናቸው።

ሪቨርብና ዲሌይ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ዲሌይ የገባውን ድምፅ ጥቂት አቆይቶ መልሶ ይለቃል። ገደል ማሚቶ ማለት ነው፤ ቃሉ ራሱ ተለይቶ ይደገማል። ሪቨርብ ደግሞ ክፍል ውስጥ ሲጨበጨብ ከግድግዳ፣ ከጣሪያና ከወለል እየተላተሙ የሚመለሱት እልፍ ድምፆች ናቸው። እጅግ ስለሚቀራረቡ አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም፤ የሚሰማው እየሳሳ የሚሄድ ጭራ ብቻ ነው።

ድንበሩን የሚያበጀው ጆሯችን ነው። ጀርመናዊው ሄልሙት ሃስ እ.ኤ.አ. በ1949 ባቀረበው ጥናት ይህን አሳይቷል፤ ከዋናው ድምፅ በኋላ እስከ 30 ሚሊሰከንድ ገደማ ባለው ጊዜ ውስጥ የሚደርስ ድግግሞሽ ለብቻው አይሰማም፣ ከዋናው ጋር ይዋሃዳል። ንግግር ላይ 50 ሚሊሰከንድ ሲያልፍ መለየት ይጀምራል። ስለዚህ ያው አንዱ ዲሌይ 25 ላይ ድምፁን ያወፍራል፣ 100 ላይ ቶሎ ተከትሎ የሚመለስ አንድ ምላሽ ይሰጣል፣ 400 ላይ ደግሞ የታወቀው ማሚቶ ይሆናል።

ሆል፣ ፕሌት፣ ሩም፣ ስፕሪንግ የሚሉት ምርጫዎች ምንድን ናቸው? የትኛውን ልጠቀም?

እያንዳንዳቸው አንድ በእውን ያለ ነገርን እንዲመስሉ የተሠሩ ናቸው። ሆል ትልቅ የሙዚቃ አዳራሽ ነው፤ ጭራው ቀስ ብሎ ይነሳና ረጅም ይቆያል። ሩም ትንሽ ክፍል ነው። ስፕሪንግ በጊታር አምፕሊፋየሮች ውስጥ የሚገኘው የሽቦ ጥቅል ነው፤ ጠንከር ያለ ድምፅ ሲገባበት ሽቦው ሲርገበገብ ይሰማል።

ፕሌት የሚባለው ታሪክ አለው። ኢኤምቲ የተባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1957 ያወጣው ኢኤምቲ 140 ውስጡ ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ገደማ የሆነ ስስ የብረት ሉህ በፍሬም ላይ ተወጥሮበታል። ድምፁ ሉሁን ያንቀጠቅጠዋል፣ ንዝረቱን የሚለቅም ፒክአፕ መልሶ ወደ ሚክሰሩ ይልከዋል። ሙሉ መሣሪያው 270 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን አንዴ ከተቀመጠ የሚያነሳው የለም። ይኸው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1976 ኢኤምቲ 250ን ይዞ ሲመጣ ሪቨርብ ለመጀመሪያ ጊዜ በዲጂታል መልክ ለገበያ ቀረበ። በ1978 ሌክሲከን 224 ተከተለ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ደግሞ እንደ ያማሃ ኤስፒኤክስ90ና አሌሲስ ሚዲቨርብ ያሉት ሲመጡ ነገሩ ከትልልቅ ስቱዲዮዎች ወጥቶ ተራው ሙዚቀኛ እጅ ገባ።

ለድምፃዊ ከፕሌት ይጀምሩ። ጭራው ወዲያው ጥቅጥቅ ብሎ ስለሚነሳ ድምፃዊውን ወደ ኋላ ሳይገፋ ያጅበዋል። ሆል ዝግ ላሉ ዜማዎች፣ ለዋሽንትና ለቫዮሊን ግሩም ነው፤ ፈጠን ባለ ዘፈን ላይ ግን ሁሉንም ነገር ያጨማልቃል። ለስኔር ድረም (ሹል ድምፅ ላለው ትንሽ ከበሮ) አጭር ሩም ወይም አጭር ፕሌት ይበቃል።

ከሚክሰሩ ጋር እንዴት ላገናኘው?

በሴንድና ሪተርን፣ ማለትም በመላኪያና በመመለሻ። ከሚክሰሩ የኦክስ ሴንድ ውፅዓት (ከየቻናሉ የተፈለገውን ያህል ድምፅ ወደ ውጭ ከሚልከው መውጫ) ወደ ፕሮሰሰሩ መግቢያ አንድ ኬብል ያስገቡ። ከፕሮሰሰሩ ግራና ቀኝ መውጫዎች ሁለት ኬብሎች ወደ ሚክሰሩ ይመልሱና ሁለት ባዶ ቻናሎች ላይ ይሰኩ፤ አንዱን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ፣ ሌላውን ወደ ቀኝ ያድርጉ። ስቴሪዮ ሪተርን የሚል መግቢያ ካለም ይሆናል። ቻናል ከተረፈዎት ግን ቻናሉን እመርጣለሁ፤ ፋደር (የመጠን ተንሸራታች) እና ኢኪው (የቀጭንና የወፍራም ድምፅ ማስተካከያ) ስለሚኖረው ሪቨርቡን እንደ አንድ ሙዚቀኛ ይዘው መቆጣጠር ይችላሉ።

ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። ኦክሱ ፖስት ፋደር፣ ማለትም ከፋደሩ በኋላ የሚላክ፣ መሆን አለበት። ፕሪ ፋደር ከሆነ የድምፃዊውን ፋደር ሲያወርዱ ሰውየው ጠፍቶ ሪቨርቡ ብቻውን ይቀራል። ሁለተኛው የሚያስደነግጠው ነው፦ ሪተርኑ በገባበት ቻናል ላይ ያንኑ የኢፌክቱን ኦክስ በፍፁም አይክፈቱ። ከፕሮሰሰሩ የወጣው ድምፅ ተመልሶ ወደ ፕሮሰሰሩ ይገባል፣ እንደገና ይወጣል፣ እንደገና ይገባል፤ በሰከንዶች ውስጥ አዳራሹን የሚያናጋ ጩኸት ይሆናል።

የዚህ አገጣጠም ትልቁ ጥቅም አንድ ፕሮሰሰር ለሁሉም ማገልገሉ ነው። ለድምፃዊው ብዙ፣ ለሳክስፎኑ ጥቂት፣ ለቤዙ ምንም አለመላክ ይቻላል። ሁሉም አንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ስለሚመስሉ ባንዱም የተሰበሰበ ይሆናል።

ሚክስ የሚለው ማዞሪያ ስንት ላይ ይሁን?

በሴንድና ሪተርን ካገናኙ 100 በመቶ ዌት፣ ማለትም ኢፌክቱ ብቻ። ያልተነካው (ድራይ) ድምፅ በሚክሰሩ በኩል እየሄደ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ሪቨርቡን ብቻ ይመልስ። አንዳንድ መሣሪያ ላይ ኪል ድራይ የሚል ምርጫ አለ፣ ሥራው ያው ነው።

ይህን ችላ ማለት የሚያመጣው ጣጣ በቀላሉ አይገኝም። ዲጂታል ፕሮሰሰር ድምፁን ወደ ቁጥር ቀይሮ መልሶ ድምፅ እስኪያደርገው ጥቂት ይዘገያል። 2 ሚሊሰከንድ ዘገየ እንበል። ይህ የዘገየ ድራይ ድምፅ ከሚክሰሩ ድራይ ድምፅ ጋር ሲደመር 250 ኸርዝ ላይ ይጣፋሉ፣ 750 ላይም፣ 1250 ላይም፣ እንዲሁ እያለ ይቀጥላል። ድምፃዊው ቱቦ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ይመስላል። ባለሙያው ኢኪው ሲያሽከረክር ያመሻል እንጂ ችግሩ ኢኪው ላይ የለም።

ጊታር ተሰክቶ በቀጥታ ፕሮሰሰሩን አልፎ የሚሄድ ከሆነ ግን ድራይ ድምፁም በዚያው ያልፋልና ከ20 እስከ 30 በመቶ ዌት ጥሩ መነሻ ነው።

መግቢያው ላይ ቀዩ መብራት ይበራል፤ ችግር አለው?

አለው። ዲጂታል መሣሪያ ጣሪያው ላይ ሲደርስ ድምፁን ይቆርጠዋል፤ የተቆረጠው አይመለስም፣ ሪቨርቡም ያንን ሻካራ ድምፅ ያባዛዋል። ጮክ ያለው ክፍል ከጣሪያው 6 እስከ 12 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ እንዲቆም መግቢያውን ያስተካክሉ። በጣም ዝቅ ማድረግም ጥሩ አይደለም፤ የመሣሪያውን የጀርባ ሹክታ ያጎላዋል።

መሣሪያው ከኋላ +4 እና −10 የሚል መቀያየሪያ ካለው ከሚክሰርዎ ጋር ያመሳስሉት። በሁለቱ መካከል ወደ 12 ዴሲቤል የሚጠጋ ልዩነት አለ። «ድምፁ ደካማ ነው» ወይም «ዝም ብሎ ይሰነጠቃል» የሚለው ስሞታ ብዙ ጊዜ የሚፈታው እዚያች መቀያየሪያ ላይ ነው።

ሪቨርብ ስጨምር የድምፃዊው ግጥም ይድበሰበሳል። ምን ላድርግ?

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ጥያቄ ነው። ግጥሙ ካልተሰማ የቀረው ማማር ሁሉ ትርጉም የለውም።

መጀመሪያ የሚነካው ፕሪ ዲሌይ ነው። ዋናው ድምፅ ከወጣ በኋላ ሪቨርቡ እስኪጀምር ያለው ክፍተት ማለት ነው። ዜሮ ላይ ከሆነ ጭራው ከቃሉ ጋር እኩል ይነሳና ተነባቢዎቹን ይሸፍናል። ድምፃዊው አንድ ስንኝ እየደጋገመ እንዲዘፍን ይጠይቁ። ለጊዜው ሪቨርቡን ሆን ብለው ከፍ ያድርጉት፣ ከዚያ ፕሪ ዲሌዩን ከዜሮ ቀስ እያሉ ያሳድጉ። 20 እና 40 ሚሊሰከንድ መካከል የሆነ ቦታ ላይ ቃሉ ከጭራው ተላቆ ወደ ፊት ብቅ ይላል፤ ሲሆን በግልጽ ይሰማል። ከ80 ካለፈ ሪቨርቡ ለብቻው ተነጥሎ ሌላ ሰው ይመስላል። ፈጣን ዘፈን ላይ ዝቅ፣ ዝግ ያለው ላይ ከፍ ያድርጉት።

ቀጥሎ ዲኬይ ይመጣል፣ ማለትም ጭራው በ60 ዴሲቤል እስኪወርድ የሚፈጀው ጊዜ። መለኪያው ከእውነተኛ አዳራሾች የመጣ ነው፤ አሜሪካዊው ፊዚሲስት ዋላስ ሳባይን ባጠናው የቦስተን ሲምፎኒ አዳራሽ ሰው ሲሞላ ወደ 1.9 ሰከንድ ገደማ ነው። ይህ ለኦርኬስትራ እጅግ የተወደደ ጊዜ ነው፤ ለንግግር ግን ብዙ ነው፣ ለንግግር ከ1 ሰከንድ በታች ይሁን። ለዘፈን ስኔሩን ይጠይቁ። ፍጥነቱ በደቂቃ 120 ከሆነና ስኔሩ 2ና 4 ላይ የሚመታ ከሆነ ከአንዱ ስኔር እስከ ቀጣዩ 1 ሰከንድ ነው። ቀጣዩ ሲመታ የበፊቱ ጭራ ከሞላ ጎደል ማለቅ አለበት። ካላለቀ እየተደራረበ ይሄዳል።

ሦስተኛው ቀለሙ ነው። የሪቨርቡን ታች ከ200 ወይም 300 ኸርዝ በታች ይቁረጡ፤ ጭቃ የሚሆነው እዚያ ያለው ነው። ላዩንም ከ6 ኪሎ ኸርዝ በላይ ዝቅ ያድርጉ፤ «ስ»ና «ሽ» ሪቨርብ ውስጥ ሲገቡ ሁሉም መስመር መጨረሻ ላይ ይፏጫል። ቁርጡ ሪቨርቡ ላይ እንጂ ድምፃዊው ላይ እንዳይሆን ይጠንቀቁ።

መጠኑን አሁን ያምጡ። የሪተርኑን ፋደር ከታች እያነሱ፣ ሪቨርቡ እንዳለ በግልጽ ሲታወቅዎት ጥቂት ይመልሱት። ከዚያ ሚዩት አድርገው (ድምፁን ዘግተው) ያዳምጡ፤ ዘፈኑ በድንገት ከጠበበ መጠኑ ልክ ነበር።

ዲሌይን ከዘፈኑ ምት ጋር እንዴት ላስማማው?

60000ን ለዘፈኑ ፍጥነት ያካፍሉ፤ የሚያገኙት የአንድ ምት ርዝመት በሚሊሰከንድ ነው። በደቂቃ 120 ምት ከሆነ 500፣ 100 ከሆነ 600፣ 96 ከሆነ 625። ግማሹ የስምንተኛ ኖታ ዲሌይ ነው። የምቱ ሦስት አራተኛ ባለ ነጥብ ስምንተኛ ይባላል፤ 120 ላይ 375 ይሆናል። ይህችን ጊዜ ጊታሪስቶች አጥብቀው ይወዷታል፤ ድግግሞሹ ከምቱ ጋር ሳይጋጭ በክፍተቶቹ መካከል እየገባ ጊታሩን የሚሮጥ ያስመስለዋል።

ባለ 6/8 ዘፈን ላይ ሒሳቡ ይቀየራል። ፍጥነቱን በትልቁ ምት ቆጥረው 80 ካገኙ አንዱ ምት 750 ሚሊሰከንድ ነው፤ ውስጡ ያሉት ሦስቱ ትንንሾች እያንዳንዳቸው 250 ይሆናሉ። ዲሌዩ 250 ወይም 500 ላይ ሲሆን ከዘፈኑ ጋር ይወዛወዛል፤ ግማሽ ነው ብለው 375 ላይ ካደረጉት ግን ሁልጊዜ ከምቱ ጋር ይላተማል። ባለ 6/8 ዘፈን ላይ «ዲሌዩ አልገጥም አለኝ» የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የማየው ይህን ነው።

ታፕ የሚባል መጫኛ ያለው መሣሪያ ሒሳቡን ይሠራልዎታል፤ ምቱን እየተከተሉ አራቴ መጫን ነው። ከበሮው በክሊክ (ምት በሚቆጥር ድምፅ) የማይመራ ከሆነ ታፕ ከሒሳብ ይሻላል፤ ባንዱ ሲጋጋል ፍጥነቱ ስለሚጨምር በየአዝማቹ አንዴ ደግመው ይጫኑት። አንዳንዴ ደግሞ ከምቱ ጋር ፍፁም የገጠመ ዲሌይ ከበሮው ስር ተደብቆ ይጠፋል። እንዲሰማ ከፈለጉ በጥቂት ሚሊሰከንድ ዘግየት ያድርጉት።

ፊድባክ የሚለው ማዞሪያ ዲሌይ ላይ ምን ይሠራል?

ከሚወጣው ድግግሞሽ ስንቱ ተመልሶ እንደሚገባ ይወስናል። 50 በመቶ ላይ እያንዳንዱ ድግግሞሽ ከበፊቱ በ6 ዴሲቤል ያንሳል፤ 60 ዴሲቤል ለመውረድ አሥር ድግግሞሽ ይፈጃል ማለት ነው። ዲሌዩ 500 ሚሊሰከንድ ከሆነ አንድ ቃል ለ5 ሰከንድ ይንከራተታል። ለድምፃዊ ብዙ ነው። 30 በመቶ ላይ በስድስት ድግግሞሽ ያልቃል፤ መነሻዬ እሱ ነው። 100 በመቶ ሲደርስ አያልቅም፣ ሲያልፍ ደግሞ እያደገ ይሄዳል፤ ስለዚህ መድረክ ላይ ያንን ማዞሪያ ሲነኩ ሌላው እጅዎ ሪተርኑ ላይ ይሁን።

ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ብጠቀምስ? የቱ ይቅደም?

ፕሮሰሰሩ ሁለት ሞተር (ሁለት ኢፌክት በአንዴ የመሥራት አቅም) ካለው ጎን ለጎን ማድረግን እመክራለሁ፤ ድምፃዊው ወደ ሪቨርቡም ወደ ዲሌዩም ለየብቻ ይላካል፣ አንዱን ሲያነሱ ሌላው አይነካም። በተራ ማድረግ ካለብዎት ዲሌዩ ይቅደም። ድግግሞሾቹ ሪቨርቡ ውስጥ ገብተው ይለሰልሳሉ፤ ከሩቅ የሚመጡ ይመስላሉ። ሪቨርቡ ከቀደመ ግን ጭራው ሁሉ ይደገማል፤ ሆን ተብሎ ካልሆነ አይመከርም።

እንዲያውም ሪቨርብ ግጥሙን እያጠፋ ሲያስቸግር አብዛኛውን ሥራ ለዲሌይ ይስጡት። ዲሌይ በድግግሞሾቹ መካከል ባዶ ቦታ ይተዋል፣ ድምፃዊውም በዚያ ባዶ ቦታ ይሰማል። ዳኪንግ የሚል ምርጫ ያለው መሣሪያ ደግሞ ድምፃዊው ሲዘፍን ዲሌዩን ዝቅ ያደርግና ትንፋሽ ሲወስድ ከፍ ያደርገዋል። ካለዎት ይጠቀሙበት፣ እጅግ ጠቃሚ ነው።

ሪቨርብ ስከፍት ማይኩ ይጮሃል።

ሪቨርቡ ወደ መድረኩ ሞኒተሮች (ለሙዚቀኞቹ ወደሚያሰሙት ስፒከሮች) እየሄደ እንደሆነ ይመልከቱ። ከሞኒተሩ የወጣው ወደ ማይኩ ይገባል፣ ከማይኩ እንደገና ወደ ሪቨርቡ፤ ለጩኸቱ ተጨማሪ መንገድ ከፍተውለታል። ድምፃዊው ካልጠየቀ ሞኒተሩ ላይ ሪቨርብ አይላኩ፤ ከጠየቀም አጭርና ጥቂት ይሁን። ከዚያ በሪተርኑ ቻናል ኢኪው የሚጮኸውን ፍሪኩዌንሲ ፈልገው ዝቅ ያድርጉት።

አዳራሹ ራሱ የሚያስተጋባ ከሆነስ?

ያጥፉት፣ ወይም ዲሌይ ብቻ ይጠቀሙ። አዳራሹ የሰጠውን ማንም ማዞሪያ አይቀንሰውም። ባዶ አዳራሽ ውስጥ ሲያስተካክሉ ሰው ሲገባ እንደሚለወጥም ያስቡ። የሰው አካልና ልብስ በተለይ ቀጭኑን ድምፅ ይመጥጣሉና አዳራሹ ይደርቃል። ስለዚህ በልምምድ ሰዓት ትንሽ የጎደለ የሚመስለው ብዙ ጊዜ ምሽቱን ይበቃል፤ ካነሰም ያኔ ሴንዱን ጨመር ማድረግ ይቻላል።

ድምፃዊው በዘፈኖች መካከል ሲያወራስ?

ሪተርኑን ሚዩት ያድርጉ። ሁልጊዜ። ሰላምታና ምስጋና በ2 ሰከንድ ሪቨርብ ሲቀርብ ሕዝቡ የሚባለውን አይሰማም። የፉት ስዊች መግቢያ ካለው ድምፃዊው ራሱ እንዲያጠፋው ማድረግም ይቻላል።

ሩቅ ላሉ ስፒከሮች ዲሌይ ማድረግ ከዚህ ጋር ይገናኛል?

ስሙ አንድ ነው፣ ሥራው ሌላ። እዚያ የሚፈለገው የኋላው ስፒከር ድምፅ ከፊተኛው ድምፅ ቀድሞ እንዳይደርስ ነው። አየሩ 20 ዲግሪ ሲሆን ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ይጓዛል፤ 34 ሜትር ለመሄድ 100 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ያንን አስገብተው ከ10 እስከ 15 ሚሊሰከንድ ከጨመሩ አድማጩ ድምፁ ከመድረኩ እንደሚመጣ ይሰማዋል። ለዚህ ሥራ የስፒከር ፕሮሰሰር ይጠቀሙ እንጂ የኢፌክቱን መሣሪያ አያባክኑበት።

ኮምፒውተር ላይ ፕለጊን (የኢፌክት ሶፍትዌር) እያለ ለብቻው የቆመ መሣሪያ ያስፈልጋል?

ለቀረጻ የግድ አይደለም፤ የዛሬዎቹ ፕለጊኖች ከድሮዎቹ ውድ ማሽኖች አያንሱም። መድረክ ላይ ግን የማይቆም፣ የማይዘምን፣ ማዞሪያው እጅ ስር የሆነ ሳጥን ያሳርፋል። መዘግየትን በተመለከተ፣ ብዙዎች ከሚፈሩት ያነሰ ጉዳይ ነው። 100 በመቶ ዌት ሪቨርብ በ5 ወይም በ6 ሚሊሰከንድ ቢዘገይ ፕሪ ዲሌዩ ላይ የተደመረ ያህል ነው፤ ፕሪ ዲሌዩን በዚያው ልክ ቀንሰው ማካካስ ይችላሉ።

መሣሪያው በመቶ የሚቆጠሩ ፕሪሴቶች (ዝግጁ ቅንብሮች) አሉት። ከየት ልጀምር?

ፋብሪካው የጫናቸው ፕሪሴቶች ሱቅ ውስጥ ሲሞከሩ እንዲያስደንቁ የተሠሩ ስለሆኑ አብዛኞቹ ለሥራ በጣም ይረዝማሉ። አራት የራስዎ ያዘጋጁ፦ ለድምፃዊ ፕሌት፣ ለዝግ ዘፈን ሆል፣ ለከበሮ አጭር ሩም፣ በታፕ የሚመራ ዲሌይ። ተከታትለው እንዲገኙ ጎን ለጎን ባሉ ቁጥሮች ላይ ያስቀምጧቸው፤ በሚዲ (መሣሪያዎች ትዕዛዝ በሚለዋወጡበት ግንኙነት) የሚቀያየሩ ከሆነም ቁጥሩን በወረቀት ጽፈው መሣሪያው ላይ ይለጥፉ። አሮጌ መሣሪያ ከሆነ ደግሞ ማስታወሻውን የሚይዝ ትንሽ ባትሪ ውስጡ አለ፤ ባትሪው ሲያልቅ ያስቀመጡት ሁሉ ስለሚጠፋ የእያንዳንዱን ፕሪሴት ዲኬይ፣ ፕሪ ዲሌይና ቁርጥ ደብተር ላይ ያስፍሩ።